ሊሸጥ ያሰበውን ባለቤት በደብዳቤ መፈለግ፤ ለሰሜን ሸዋ ቤት ገዢዎች

የመጀመሪያ ደብዳቤዬ ሰው አስደንግጧል። ደብረ ብርሃን ጠባሴ አካባቢ አንድ የተዘጋ ግቢ ነበር። በሩ ዝጓል፣ ሣሩ አጥሩን አልፏል። የባለቤቱን ስም አጠያይቄ አገኘሁ። ከዚያ በኮምፒውተር አስጽፌ፣ «ጉዳዩ፦ መኖሪያ ቤትዎን ይመለከታል» ብዬ፣ ግርጌው ላይ የሥራዬን ማኅተም መትቼ ላክሁ። ሰውየው በማግስቱ ወረቀቱን ይዘው ማዘጋጃ ቤት ሄዱ። ቤቴ ሊፈርስ ነው ብለው! ማኅተም ያለበት ወረቀት እኛ አገር መልካም ዜና ይዞ አይመጣማ። ደውዬ ይቅርታ ስጠይቅ «ልጄ፣ ቤት ለመግዛት ሰው ማስደንገጥ ምን አመጣው?» አሉኝ። ቤቱንም አልሸጡልኝም።

ከዚያ ወዲህ አጻጻፌም አላላኬም ተቀየረ። ከታች ያለው ከዚያ በኋላ የተማርሁት ነው።

ዘዴው የመጣው ከውጭ ነው። አሜሪካ ውስጥ ቤት ገዝተው አድሰው የሚሸጡ ሰዎች፣ ገና ገበያ ላይ ላልወጣ ቤት ባለቤት በፖስታ ይጽፋሉ። እዚያ የባለቤቱ ስምና አድራሻ ከመዝገብ ይገኛል። ዝርዝሩን አዘጋጅተው የሚሸጡ ድርጅቶችም አሉ። ፖስተኛው ደግሞ እቤት ድረስ ያመጣዋል። እኛ ጋ እንዲህ አይደለም። ፖስታ ቤታችን ከ1886 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ አንጋፋ ነው፤ ሥራው ግን በአመዛኙ በፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። የመኖሪያ ቤት አድራሻ ስትጠይቁ «ከሥላሴ ዝቅ ብሎ፣ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ» ነው የምትባሉት። ስለዚህ ከውጩ ዘዴ የምንወስደው አንድ ነገር ብቻ ነው። ትክክለኛውን ሰው መርጦ በስሙ መጻፍ። የቀረውን በእግር ትሞሉታላችሁ።

«ደላላ እያለ ደብዳቤ ምን ያደርጋል?» የሚለኝ ብዙ ነው። ደላላ ጋ የደረሰ ቤት ባለቤቱ ወስኖ የጨረሰበት ቤት ነው። በዚያ ሰዓት አሥር ገዢ ያውቀዋል። ደብዳቤ የሚሠራው ከዚያ በፊት ነው። ቤቱ ሸክም የሆነበት፣ ግን ለማን እንደሚናገር ያልቆረጠ ሰው ጋ ነው የሚደርሰው።

መጀመሪያ የማይገዛውን ለዩ

ሰው ዝርዝር ለመሥራት ይቸኩላል። እኔ መጀመሪያ የማልጽፍላቸውን ቤቶች ነው የማወጣው።

መሬት አይሸጥም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ይህን ዘግቶታል። የሚሸጠው በላዩ ያለው ቤት ነው፤ የቦታው የመጠቀም መብት አብሮ ይተላለፋል። ከከተማው ጫፍ ያለ የገበሬ ማሳ በርካሽ ቢቀርብላችሁ እለፉት። የጨረቃ ቤትም እንደዚሁ። ካርታ የሌለው ቤት ላይ የሚጻፍ ደብዳቤ የወረቀት ብክነት ነው።

ቀጥሎ የቀበሌ ቤት። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ፣ በየከተማው መሐል ያሉ ብዙ አሮጌ ቤቶች ተከራይ እንጂ ባለቤት የላቸውም። አርባ ዓመት የኖረበት ሰው «ቤቴ» ይላል፤ እውነቱን ነው፣ ልጅ ያሳደገበት ነው። ሊሸጠው ግን አይችልም። አንድ ጊዜ እንዲህ ላለ ቤት ጽፌ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቡና ጠጥቼ ነው የገባኝ። ጎረቤት ብጠይቅ ኖሮ በአምስት ደቂቃ ይነግረኝ ነበር።

በሊዝ ተወስዶ በጅምር የቆመ ቤትም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የሊዝ አዋጁ፣ ቁጥር 721/2004፣ ግንባታው ግማሽ ሳይደርስ በሚደረግ ማስተላለፍ ላይ ገደብ አለው። ባለቤቱ ከዝውውሩ የሚያገኘውም የተወሰነ ነው። ብረቱ ዝጎ የቆመ ጅምር ያጓጓል። እኔ ግን መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤት ሳልጠይቅ አልጽፍም።

ዝርዝሩ የሚሠራው በእግር ነው

ገንዘቡ ያለው ወረቀቱ ላይ አይደለም፤ ዝርዝሩ ላይ ነው። ያማረ ደብዳቤ ለማይሸጥ ሰው ከመላክ፣ የተንጋደደ ጽሑፍ ቤቱ ለከበደው ሰው መላክ ይሻላል። ለመጀመሪያ ጊዜ አርባ ቤት ይበቃል። ከዚያ በላይ በእግር ማዳረስም ሆነ ተከታትሎ መደወል አይቻልም።

አንድ ሰፈር ምረጡና ጠዋት በእግር ዙሩ። ደብረ ብርሃን ከሆነ ጃኬት አትርሱ፤ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ከተማ ነው፣ ውርጩ አይምርም። ደብተር ያዙ። በየበሩ ላይ ያለችውን የቤት ቁጥር ቆርቆሮ፣ የበሩን ቀለም፣ የጣሪያውን ሁኔታ ጻፉ። የምትፈልጉት ምልክት ብዙ አይደለም። ከውጭ የተቆለፈ በር። ሣር የወረሰው ግቢ። ክረምቱ ካለፈ በኋላም ድንጋይ ተጭኖበት የቆየ ቆርቆሮ። ዋናው ቤት ተዘግቶ ሰርቪሱ ብቻ የተከራየበት ግቢ። ይኸኛው ብዙ ጊዜ ባለቤቱ አዲስ አበባ ነው ማለት ነው።

ከዚያ መጠየቅ ነው። የሱቅ ባለቤት፣ ተከራይ፣ የሰፈር ዘበኛ፣ የእድር ጸሐፊ። «ይህ ቤት የማን ነው?» ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሰላይ ትመስላላችሁ። ማን እንደሆናችሁ፣ ለምን እንደፈለጋችሁት ቀድማችሁ ተናገሩ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ በጉርሻ ፋይል እንዲያሳያችሁ ግን አትሞክሩ። ወንጀል ነው፤ ከተማውም ትንሽ ነው።

ብዙ ጊዜ መልስ የሚሰጡኝ አራት ዓይነት ባለቤቶች ናቸው። ዋነኞቹ ወራሾች ናቸው። አባት እናት አልፈዋል፣ ልጆቹ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዷ ዱባይ፣ አንዱ አሜሪካ ነው። ቤቱን ማንም አይኖርበትም፣ ኪራዩን ማን እንደሚወስድ ግን ይጨቃጨቃሉ። ሁለተኞቹ ልጆቻቸውን ተከትለው ወደ አዲስ አበባ የሄዱ አዛውንቶች ናቸው። 130 ኪሎ ሜትር ሩቅ አይደለም፤ ጉልበት ለደከመው ሰው ግን ጣሪያ ለማስጠገን መመላለስ ከባድ ነው። ሦስተኞቹ ሥራ ያዘዋወራቸው ናቸው። ደብረ ብርሃን ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ዩኒቨርሲቲ አለው፣ ፋብሪካውም ብዙ ነው፤ ሰው ይመጣል፣ ሰው ይሄዳል። አራተኞቹ ማከራየት የሰለቻቸው ናቸው። እነዚህ ደብዳቤ እንኳ አይፈልጉም፤ አንድ ሰው ቢያዳምጣቸው ይበቃል።

አንድ ዝርዝር ግን አልሠራም። በግጭት ከቤቱ ለተፈናቀለ ሰው አልጽፍም። አካባቢያችን በቅርብ ዓመታት ያየውን ሁላችንም እናውቃለን። ያ ሰው የሚሸጠው ቤቱን ሳይሆን ጭንቀቱን ነው። ሕጉም ቢሆን ዝም አይልም፤ የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1710 የሌላውን ችግር፣ እርጅና ወይም የዋህነት መጠቀሚያ አድርጎ የተገባ ውል ሊፈርስ የሚችልበትን በር ከፍቷል።

ደብዳቤው

በእጅ ጻፉት። ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ መስመር ያለው ወረቀት። «ጉዳዩ» የሚል የለም፣ ማኅተም የለም፣ የቢሮ ቡናማ ፖስታ የለም። እኔ ዳሩ ቀይና ሰማያዊ የሆነውን የድሮ ፖስታ ፈልጌ ነው የምገዛው። ትልልቅ ሰዎች ሲያዩት ፊታቸው ይፈካል፤ ከልጅ ወይም ከዘመድ የሚመጣ ደብዳቤ ነው የሚያስታውሳቸው።

አንድ ነገር ሁሌ አስቡ። ደብዳቤው ጮክ ተብሎ ሊነበብ ይችላል። እማማ ዓይናቸው ደክሞ ከሆነ የጎረቤት ልጅ ነው የሚያነብላቸው፤ ሦስት ሰው ቡና እየጠጣ ይሰማል። ስለዚህ «ዕዳ እንዳለብዎ ሰምቻለሁ»፣ «ከወንድሞችዎ ጋር እንዳልተስማሙ አውቃለሁ» የሚል መስመር በፍጹም አይገባም። የሰማችሁትን ለራሳችሁ ያዙ።

«ኢንቨስተር ነኝ»፣ «ባለሀብት ነኝ» ብላችሁም አትጻፉ። ስታነቡት ደስ ይል ይሆናል፤ ዋጋው ግን እዚያው እጥፍ ይሆናል። ዋጋም አትጻፉ። የጻፋችሁት ቁጥር በሳምንቱ ሰፈሩን ያዳርሳል፤ ከዚያ በኋላ መነሻ እንጂ መድረሻ አይሆንም።

የእኔ ይህን ይመስላል፦

«ለተከበሩ አቶ እገሌ፣

እንደምን ከረሙ? ስሜ እገሌ ይባላል። የምኖረው እዚሁ ደብረ ብርሃን ነው። ይህን የምጽፍልዎ በግሌ ነው። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የመጣ ደብዳቤ አይደለም፤ ደላላም አይደለሁም።

ጠባሴ ያለውን ሰማያዊ በር ያለው ግቢዎን በመንገዴ አየዋለሁ። ምናልባት አንድ ቀን ሊሸጡት ቢያስቡ፣ መግዛት የሚፈልግ ሰው እንዳለ እንዲያውቁት ብዬ ነው። የምገዛው ባለበት ሁኔታ ነው፤ ማደስ አይጠበቅብዎትም።

የመሸጥ ሐሳብ ከሌለዎት መልስ አያስፈልግም፤ ስላስቸገርሁዎ ይቅርታ። ካሰቡ ግን ከልጆችዎ ወይም ከሚያምኑት ሰው ጋር ተማክረው ይደውሉልኝ።

አክባሪዎ፣ እገሌ»

ይኸው ነው። «ከልጆችዎ ጋር ተማክረው» የምትለዋን ብዙ ሰው አውጣት ይለኛል፤ ልጆቹ ያበላሹብሃል ብሎ። በተቃራኒው ነው። ልጅ ሳያውቅ የተጀመረ ሽያጭ ልጅ ሲያውቅ ይፈርሳል። በሩን የሚከፍተውም ብዙ ጊዜ ያ መስመር ነው፤ አጭበርባሪ «ተማከር» አይልም።

ማድረስ

ባለቤቱ ከተማው ውስጥ ካለ ራሳችሁ አድርሱ። ለአዋቂ ሰው እጅ በእጅ ስጡ፣ ለሕፃን አትስጡ፣ በበር ሥር አታስገቡ። «ደብዳቤ ላደርስ ነው፤ ሲመቻቸው ያንብቡት» ብላችሁ ተመለሱ። ግቡ ቢሏችሁም በመጀመሪያው ቀን ስለ ቤት አታውሩ።

ባለቤቱ አዲስ አበባ ከሆነ መንገዱ ተከራዩ ነው። ወሩን ጠብቆ ኪራይ የሚልከው እሱ ነው፤ አድራሻውን የሚያውቀውም እሱ ነው። ላምበረት መናኸሪያ ድረስ በመኪና የላክሁት ደብዳቤ አለ፤ ሾፌሩ ለባለቤቱ ልጅ ደውሎ ሰጠው። መሥሪያ ቤታቸው የፖስታ ሣጥን ቁጥር ካለው ደግሞ በፖስታ ቤት መላክ ነው፤ የጠፋብኝ የለም። ውጭ አገር ላሉት በእጅ የተጻፈውን ፎቶ አንስቼ በዘመድ በኩል በቴሌግራም እልካለሁ። አዲስ ጽሑፍ አልተይብም፤ የእጅ ጽሑፉ ነው ሥራውን የሚሠራው።

ጊዜው ወሳኝ ነው። በእኔ ልምድ ምርጡ ወር ታኅሣሥ ነው። ለገናና ለጥምቀት ቤተሰብ ይሰበሰባል፤ ከውጭም የሚመጣ አለ። የተበተኑ ወራሾች አንድ ማዕድ ላይ የሚቀመጡት በዚያን ሰሞን ነው፤ ደብዳቤያችሁ ከዚያ በፊት ደርሶ ከሆነ ወሬው ይነሣል። ከፋሲካ በፊትም ጥሩ ነው። ነሐሴ ላይ ደግሞ ለልጆች ትምህርት ቤት ብለው የሚዘዋወሩ ይገኛሉ።

ሐዘን ላለበት ቤት ግን ቸኩላችሁ አትጻፉ። አርባው ሳይወጣ የሚደርስ የግዢ ደብዳቤ ስድብ ነው። እኔ ሙት ዓመቱ እስኪያልፍ ነው የምጠብቀው። አንዳንዴ ሌላ ይቀድመኛል። ይቅደመኝ።

ዝምታውና ሁለተኛው ደብዳቤ

ብዙዎቹ አይመልሱም። ይህ ውድቀት አይደለም፤ ቤት በአንድ ወረቀት አይወሰንም። ከሁለት ወር በኋላ አጠር ያለ ሁለተኛ ደብዳቤ ላኩ፦ «ባለፈው ጽፌልዎ ነበር፤ ፍላጎቴ እንዳለ ነው»። ከስድስት ወር በኋላ ሦስተኛ። ከዚያ በላይ ማስቸገር ነው። «አልፈልግም» ያለ ሰው ስም ላይ መስመር አስምሩና አትመለሱበት። ደብተሩ ላይ ቀኑን፣ ለማን እንደተሰጠ፣ ምን እንደተባለ ጻፉ። ለአንድ ሰው በስህተት አራተኛ ጊዜ ከጻፋችሁ ወሬው እድር ላይ ይሰማል።

ሲደውሉ ስለ ዋጋ አትጀምሩ። «ቤቱን ምን ሊያደርጉት አስበው ነበር?» በሉና ዝም በሉ። ሰዎች ቤት የሚሸጡት ለብዙ ምክንያት ነው። አንዱ በአንድ ወር ገንዘብ ይፈልጋል። ሌላው ገንዘቡ አይቸኩለውም፤ የእናቱን ሣጥን የሚያስቀምጥበት እስኪያገኝ ስድስት ወር መቆየት ነው የሚፈልገው። ይህን ካወቃችሁ ዋጋ ሳትጨምሩ የምትሰጡት ነገር ይኖራችኋል።

ሒሳቡ

የምትገዙት አድሳችሁ ለመሸጥ ከሆነ፣ ከመጨረሻው ጀምራችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ለምሳሌ ታድሶ በ3,000,000 ብር ይሸጣል እንበል። እድሳቱ 400,000፣ ግብር፣ የስም ማዛወሪያና ሌላ ወጪ 250,000፣ ገንዘባችሁ ታስሮ ለሚቆይበትና ለድካማችሁ 400,000። ቀሪው 1,950,000 ነው፤ ለቤቱ ከዚያ በላይ አትክፈሉ። ቁጥሮቹ ለማሳያ ናቸው፤ የሰፈራችሁን ዋጋ ከሦስት ደላላ ጠይቁ።

ሁለት ነገር ብዙ ሰው ይረሳል። አንደኛው፣ ነባር ይዞታ፣ ማለትም በሊዝ ያልተወሰደ የቆየ ቦታ፣ በውርስ ሲተላለፍ እንደነበረ ይቀጥላል፤ በሽያጭ ሲተላለፍ ግን ወደ ሊዝ ይገባል። ይህ ወጪ አለው፤ መጠኑን ማዘጋጃ ቤት ጠይቃችሁ ሒሳቡ ውስጥ አስገቡ። ሁለተኛው ቦታው ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ጣሪያና እርጥበት ነው የምታዩት። ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው፤ እዚያ የጭቃ ቤት ከሆነ እንጨቱን ጠጋ ብላችሁ አንኳኩ፣ ምስጥ በልቶት ከውጭ ቀለም ተቀብቶ ሊሆን ይችላል።

ዋጋ ስትናገሩ ሒሳቡን ለሻጩ አሳዩት። ሌላ ገዢም እንዲጠይቅ ንገሩት። ጅልነት ይመስላል። ግን መሐል ሜዳ ከተማ ላይ የተበደለ ሻጭ ወሬው ደብረ ብርሃን ለመድረስ አንድ የገበያ ቀን ነው የሚፈጅበት።

ወረቀቱ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ከሻጩ ጋር አብራችሁ ማዘጋጃ ቤት ሂዱ፤ ካርታው በማን ስም እንደሆነ፣ ዕዳና እግድ እንዳለበት አስጣሩ። የባንክ መያዣ የሆነ ቤት በቃል «ተከፍሎ አልቋል» ሊባልላችሁ ይችላል። የሚታመነው የባንኩ ደብዳቤ ነው።

ቤቱ የባልና ሚስት ከሆነ የሁለቱም ፈቃድና ፊርማ ያስፈልጋል። የውርስ ከሆነ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይኑር፤ ሁሉም ወራሽ ይፈርም። «ታናሹ አሜሪካ ነው፣ እሱ ግድ የለውም» የሚባል ነገር የለም። ውጭ ያለው ሰው ውክልና በኤምባሲ በኩል ይልካል፤ ውክልናው ውስጥ ቤት የመሸጥ ሥልጣን ተለይቶ መጻፉን ራሳችሁ አንብቡ። ጠቅላላ ውክልና ለሽያጭ አይበቃም። ሥራውን ብዙ ጊዜ የሚያዘገየው ይህ ነው፤ አንዱን ቤት ውክልናው ስህተት ሆኖ ተመልሶ እስኪመጣ አምስት ወር ጠብቄያለሁ።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ሥልጣን ባለው ጽሕፈት ቤት ፊት ይፈረም፣ ይመዝገብም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 ስለ ማይንቀሳቀስ ንብረት የሚለው ይህንኑ ነው። ሽማግሌ ፊት የተፈረመች የመንደር ውል መተማመኛ ትሆናለች እንጂ ስም አታዛውርም። ቀብድም ቀልድ አይደለም። ሰጪው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ተቀባዩ ካፈረሰ እጥፍ ይመልሳል። ይህን ለሻጩ ቀብድ ከመቀበሉ በፊት ንገሩት፤ ነገ «አላወቅሁም» እንዳይል።

ግብሩን ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ጻፉ። ሻጮች ብዙ ጊዜ «በእጄ የሚገባው ይህን ያህል» ነው የሚሉት፤ በእጅ የሚገባውና የሽያጩ ዋጋ አንድ እንዳልሆነ ቁጭ ብላችሁ አስሉላቸው። ደላላ በመሐል ካለ፣ አድራሻ ብቻ ያገኘላችሁም ቢሆን፣ ድርሻውን ስጡት። ቀጣዩን የተዘጋ ግቢ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ቁልፉን ከመቀበላችሁ በፊት የመብራትና የውኃ ቆጣሪው ላይ ያለውን ንባብ ከሻጩ ጋር ሆናችሁ ፎቶ አንሱ። ያልተከፈለ ቢል ካለ ከመጨረሻው ክፍያ ላይ ይቀነስ። ተከራይ ካለ የሚወጣበትን ቀን ሻጩ ባለበት ተነጋገሩ። ከዚያ ደብተሩን ገልጣችሁ፣ ያ ቤት አጠገብ ቀኑን ጻፉ፤ ሁለተኛው ደብዳቤ የሚጠብቃቸው ሌሎች ስሞች ከሥሩ አሉ።